የአረንጓዴ ካርድ መምህር

ከሥልጠና የተመለሰው የጅማው መምህር ይዞት የመጣው ጥበብ ሁለት ካርድ ነው። «የገባው አረንጓዴ፣ ያልገባው ቀይ ያንሣ!» ይላል፣ መነጽሩን በከረባቱ ጫፍ እየወለወለ። ቀይ ያነሣ ግን ወጥቶ ያልገባውን ለክፍሉ ማስረዳት አለበት፤ ስለዚህ ክፍሉ ሁልጊዜ እንደ ሰርቦ ቡና ማሳ አረንጓዴ ነው። እሱም ደረቱን ነፍቶ ስላይዱን እያነበበ ያሳልፋል።

ዛሬ ሶረቲ ቀዩን አነሣች።

«ያ ረቢ፣ አለቅን!» አለ ሙሀጅር ከኋላ ወንበር።

«ነይ ውጪና አስረጂ!» አላት መምህሩ።

«ኧረ ቲቸር፣ ማንበቡንማ እኛም እናነባለን። ትርጉሙን ይንገሩን እንጂ» አለች ሶረቲ።

ወደ ስላይዱ ዞረ። ከሰው የገለበጠው ነው፤ ለራሱም ገብቶት አያውቅም። ተማሪ ሳለም እጁን አንሥቶ ጠይቆ አያውቅም። የጠራውን መነጽር እንደገና ወለወለው።

«ሰዓት አልቋል!» አለ፣ ትምህርቱ ገና ሳይጋመስ።

በማግስቱ አረንጓዴ ካርድ ብቻ አደለና «በሉ፣ የገባው ያንሣ!» አለ።