ለእማዬ ብዬ የሠራኋትን ማድቤት ዛሬ አፈረሱብኝ

ጠዋት ነው የፈረሰችው፣ በችኮላ ነው የምጽፈው፣ የተሳሳትሁት ካለ ይቅር በሉኝ።

ጓሯችን ላይ የሠራኋትን ማድቤት ደንብ አስከባሪዎች መጥተው አፈረሷት።

እማዬ አስም አለባት፣ ያለን አንድ ክፍል ነው፣ እዛው እየተኛን እዛው ስናነድ ጭሱ ሊገላት ነበር እኮ!

አንዱ «ፈቃድ አለሽ?» አለኝ። «አዎ፣ አጥር የሚያዋስነንን አያ ሞላን ጠይቄአለሁ፣ ጭቃውንም የመረገልኝ እሱ ነው፣ ቄሱም ጠበል ረጭተዋታል» አልሁት። ሳቁብኝ።

ጎረቤት ከፈቀደ፣ ቄስ ከባረከ ሌላ ማን ይጠየቃል ብዬ ነው፣ እኔ ምን አውቄ!

አያ ሞላ «ምነው ልጆቼ፣ ሽሮ የሚበስልባት እንጂ ፎቅ አይደለች!» ቢላቸውም አልሰሙትም።

ፈቃድ ስጡኝና መልሼ ልሥራት ብዬ ቀበሌ ሮጥሁ። እዛ የምትሠራው ልጅ «ካርታው በአባትሽ ስም ነው፣ እሳቸው መጥተው ያመልክቱ» አለችኝ።

«አባቴ እኮ ሞቷል» አልኋት።

«እንግዲያ መጀመሪያ ፍርድ ቤት ሄደሽ ወራሽነት አውጪ፣ ከዛ ፕላን አሠርተሽ ነይ» አለች።

ስመለስ እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። «አንቺ ቤት ውስጥ አንድጂ፣ እኔ እስኪበስል እዚህ እሆናለሁ» አለችኝ። ዝናቡ ደግሞ ሊጥል ጠቁሯል። እስካሁን አላነደድሁም፣ ፈራሁ።

የጎንደር ልጆች፣ እንዲህ የደረሰባችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፣ ወራሽነቱ ብዙ ይቆያል? እስከዛስ እናቶቻችሁን የት አስቀመጣችሁ?