በቅሎዋ የቀመሰችው ጣሪያ

አሁን የገላን ኮንዶሚኒየም የቆመበት መሬት ያኔ የአማቴ የጤፍ ማሳ ነበር። እኔ ደግሞ አቃቂ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ግድግዳው የተመረገ፣ ጣሪያ ግን የሌለው ቤት ነበረኝ። የሐዲድ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ብሎን አጠብቃለሁ፣ ጠጠር እደለድላለሁ። ሽማግሌ ልኬ ልጅቱን ሳስጠይቅ አማቴ እምቢ አላሉም። ጠርተውኝ ያሉት ይህን ብቻ ነው።

"ልጄ ሰማይ ሥር አታድርም። በጥር መጥቼ ጣሪያህን አያለሁ። ጾም ከገባ ግን አታስቸግረኝ፤ ሌላም ጠያቂ አላት።"

ሌላው ጠያቂ የፋብሪካ ዘበኛ ነው፤ ቆርቆሮ ቤት አለው። የእኔ አቅም ሣር ነው።

ሣር ስል ሰንበሌጥ ማለቴ ነው። የዛሬ ሰው ሁሉንም ሣር ብሎ ያልፈዋልና እንዴት እንደሚለይ ልንገር። ሰንበሌጥ ሲደርስ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ መልኩም ዳማ ይሆናል። አገዳው ጠንካራ ነው፤ ስትሰብረው እንደ ሸምበቆ ክፍት ሆኖ አታገኘውም። አናቱ ላይ ፍሬው ሁለት ሁለት ሆኖ ይከፈላል፤ ከየፍሬው የተጠማዘዘ ጭራ ይወጣል። ጭራውን ምራቅ ስታስነካው እንደ ትል በራሱ ይዞራል። ሱሪህ ላይ ከተሰካማ ሥጋህን ሳያገኝ አይመለስም። ደግሞ ስትነቅለው አይነቀልም። በየዓመቱ ከዚያው ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ባቡሩ እሳት እየተፋ በሐዲዱ ዳር ያቃጥለዋል፤ ክረምት ሲመጣ ምንም እንዳልሆነ ይነሣል። የዘራው ሰው የለም፤ ከባቡሩም ከእኛም በፊት እዚሁ የነበረ ነው።

ሐዲዱ ዳር ከብት ማሰማራት ክልክል ስለነበር ሣሩ እንደ ልቡ ያድግ ነበር። ሰንበሌጡ ዳገቱ ላይ ነው። ከታች ጉድባው ውስጥ ደግሞ ሙጃ ሞልቷል፤ ለስላሳ፣ ከብት የሚወደው፣ አንድ ክረምት አድጎ የሚሞት።

በታኅሣሥ ደቦ ጠራሁ። የደቦ ሕግ የታወቀ ነው፤ የጠራ ያበላል፣ ያጠጣል፣ አፉን ይዘጋል። ባቡር ከየአገሩ ያራገፋቸው ጎረቤቶቼ መጡና የጠላው ጋን አጠገብ ተቀመጡ። ጋኑን ያስቀመጥኩት ጉድባው አፍ ላይ ነበር። አሁን ሳስበው ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው፤ ለጋኑ የቀረበው ሙጃ ሰንበሌጥ ተባለ።

"ያውላችሁ ሰንበሌጥ!" አሉ ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት መንዜ፣ ከተቀመጡበት ሳይነሡ ሙጃውን በከዘራቸው እያሳዩ።

"አባቴ፣ ይሄ እኮ ሙጃ ነው" አልኩና አንዱን ሳብኩት። እንደ ሽንኩርት ከነሥሩ መጣ። "ይዩት፣ ሰንበሌጥ እንዲህ ይነቀላል?"

"የሙሽራ ጉልበት ነዋ!" ሁሉም ሳቁ።

"ጭራውስ የታለ?"

"ረግፎ ነዋ!"

"በእኛ አገር ሰንበሌጥ ከዚህም ይለሰልሳል" አለ ጎጃሜው። ድሬዳዋ ያደገው ደግሞ ጽዋውን እያስሞላ፣ "ሣር ሣር ነው ጃል! ምን አጨቃጨቃችሁ?" አለ።

ጭቅጭቁ አልበርድ ሲል መንዜው ብልሃት አመጡ። "ከብት ይፍረድ! የደረሰ ሰንበሌጥ ከሆነ ከብት አፉን አያስነካውም። ሙጃ ከሆነ ይበላዋል። ከዚህ በላይ ዳኛ አለ?"

እውነታቸውን ነው፤ ፈተናው ትክክለኛ ነበር። ችግሩ ዳኛው ላይ ነው። በአቅራቢያው የተገኘው ከብት የሰፈራችን ጠላ ሻጭ ሰንጋ ነበር። ለገና ሊታረድ አተላና ፉርሽካ ሲቀለብ ከርሞ መቆም ያቃተው ሰንጋ። ሙጃውን አፍንጫው ሥር አደረጉለት። አሸተተ፣ በረጅሙ ተነፈሰ፣ ፊቱን ወደ አተላው ገንዳ አዞረ።

"ፈረደ! ፈረደ!"

"ኧረ እሱ ከአተላ ሌላ ከቀመሰ ቆይቷል!" አለች ጠላ ሻጯ።

"ዝም በይ አንቺ! ዳኛ ከፈረደ በኋላ አይለፈለፍም" አሏት መንዜው።

እኔ ከሰው ጋር ከሆነ ጀምበር እስክትጠልቅ እከራከራለሁ። ከበሬ ጋር ግን ምን ብዬ ልከራከር? ደግሞ ደቦ የመለሰ ሰው ሲሞት ቀባሪ እንደማያገኝ አስታወሱኝ። ታጨደ፣ ታሰረ፣ ተከደነ። ሲያዩት እንዴት ያምራል! መርቀውኝ፣ ጋኑን አሟጠው ሄዱ።

በጥር አማቴ በበቅሎ መጡ። በቅሎዋን በረንዳው ቋሚ ላይ አስረው ገቡ። ግድግዳውን በዱላቸው መታ መታ አደረጉ፣ ማገሩን አዩ፣ "ደህና ነው" አሉ። የደቦ ሰዎቼም እንደ ዘመድ ከበዋቸው ተቀምጠዋል። መንዜው ስለ ጣሪያው ጥንካሬ እያወሩ ሳለ ውጭ ቅርጭም ቅርጭም የሚል ድምፅ ሰማን። ቀጥሎ ጥግ ላይ ብርሃን ገባ።

"ይሄ ፀሐይ በየት በኩል መጣ?" አሉ አማቴ።

ወጣን። በቅሎዋ አንገቷን ዘርግታ ክዳኑን ትገምጣለች። ክንድ የሚያህል ጨርሳለች።

"ጥርሷን እያጸዳች ነው" አሉ መንዜው።

"በቅሎዬ ጥርሷን በሰው ጣሪያ አታጸዳም" አሉ አማቴ። ወደ እኔ ዞሩ። "እኔ ልጅ ልድር መጣሁ እንጂ በቅሎ ላስቀልብ አልመጣሁም።"

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። "እስከ ጾሙ ጊዜ ይስጡኝ፣ አባቴ።"

በቅሎዋ ላይ ተቀምጠው ልጓሙን ሳቡ። "ጾም ሊገባ ሳምንት ሲቀረው እመጣለሁ፤ በዚህችው በቅሎ። ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ በቅሎዬ ምንም አትቀምስም። ጣሪያህን ከበላች ልጄን እርሳት።"

በማግስቱ ሙጃውን አወረድኩት። ደቦ አልጠራሁም። ከሥራ ስወጣ ማጭዴን ይዤ ዳገቱን እወጣለሁ፤ ቅጠሉ እጄን ይሸረክተዋል፣ ጭራው እግሬን ይወጋኛል። ደስ እያለኝ እወጋለሁ፤ ካልወጋኝማ ሰንበሌጥ አይደለም። የደቦ ሰዎቼ ጠላ ቤቱ ደጃፍ ሆነው ያዩኛል።

"ግትር! በሬው የፈረደውን እንዴት ያፈርሳል?"

"ይግባኝ ልበላ!" አልኳቸው።

"የምን ይግባኝ? ዳኛውን ለገና በላነው እኮ!"

ቀኑ ደረሰና አማቴ መጡ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ደጃፌ ላይ ተኮለኮለ። በቅሎዋ ሆዷ ተጣብቋል። ገና ከመታሰሯ አንገቷን ዘረጋችና ከክዳኑ አፍ ሙሉ መነጨቀች። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ያ የቆርቆሮ ቤት ያለው ዘበኛ ታየኝ።

"እንጥሽ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ዓይኔን ስገልጥ በቅሎዋ ሣሩን ተፍታ ከንፈሯን ግድግዳዬ ላይ ታሻለች። ጭራው ወግቷታል። አማቴ ቆመው ጠበቁ። ደግማ አልሞከረችም፤ ራሷን አቀርቅራ ቀረች።

"እሑድ ውሰዳት" አሉኝ።

እሑድ ተሠረገ። የደቦ ሰዎቼ ከዳሱ ላይኛው ጫፍ ተቀምጠዋል። መንዜው ብርሌያቸውን ከፍ አድርገው ለአማቴ ያስረዳሉ። "በከብት ይፈተን ብዬ ያመጣሁት እኔ ነኝ! ያን ጊዜ ባልናገር ኖሮ ዛሬ ይሄ ሠርግ የታለ?" አማቴ ራሳቸውን እየነቀነቁ ጠጅ ያስቀዱላቸዋል።

ሚዜዬ ቢይዘኝም እውነቱን ልናገር ልነሣ ነው። ይሄን ጊዜ ጭኔን አንድ ነገር ወጋኝ። ሙሽራዬ ከቀሚሷ ጠርዝ የሰንበሌጥ ጭራ ነቅላ እኔ ላይ ሰክታዋለች። ከነጠላዋ ሥር ሆና በሹክሹክታ፦

"ዝም በል" አለችኝ። "ለኩሽናው ደቦ ገና አልጠራንም።"