ያለ ሊብሬ የተገዛው ሞተር

አባቴ ሜቶዲ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ በከተማችን የባቡር ጋራዥ ወደ ባሕር የሚወርዱትን ባቡሮች ሲጠግን ኖሮ፣ ባሕሩን በዓይኑ ያየው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንዴ በወታደርነቱ፣ አንዴ ከእናቴ ጋር በሠርጋቸው ሰሞን። ጡረታ ወጥቶ እናቴም ከሞተች በኋላ መስኮት ሥር ተቀምጦ መንገድ ማየት ሥራው ሆነ። እኔ ከባሌና ከልጄ ጋር ላይኛው ፎቅ ስለምኖር ሾርባ ይዤለት እወርዳለሁ። "ብላ እንጂ አባዬ" ስለው "አስቀምጪው" ይለኛል። ስመለስ ሾርባው ሳይነካ ረግቶ አገኘዋለሁ።

እንዲህ እያለን ፊት ለፊታችን ያሉት ጎረቤታችን ጋሽ ስላቪ ሞቱ። ፎቶግራፋቸው ያለበት የመርዶ ወረቀት በራቸው ላይ ተለጠፈ። በሦስተኛው ሳምንት ባለቤታቸው እትዬ ፀንካ አባቴን ጠርተው የጓሮውን መጋዘን ከፈቱለት። እኔም ዳቦ ላደርስላቸው ሄጄ እዚያው ነበርኩ።

ውስጥ የቆመው ትልቅ ሞተር ሳይክል ነው። ለሩቅ መንገድ ተብሎ የተሠራ፣ መሮጥም የሚያውቅ፣ ከፊቱ ነፋስ የሚከልል ሽፋን ያለው። ጋሽ ስላቪ ያገለገለ ገዝተው ከጣልያን አስመጡት፣ አንድ በጋ ነዱት፣ ከዚያ ወገባቸው እምቢ አለ። ጎማው ተሰነጣጥቋል፣ የቤንዚን ጋኑ ውስጡ ዝጓል፣ መቀመጫው የዶሮ ኩስ ለብሷል፣ የአየር ማጣሪያው ውስጥ ደግሞ አይጥ ወልዳበታለች። አባቴ አንድ ዙር ዞረው። ጎንበስ ብሎ ሞተሩን በጥፍሩ ጫር አደረገ። ዓይኑ እንደዚያ ሲበራ ካየሁ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር።

"ውሰደው ሜቶዲ" አሉ እትዬ ፀንካ። "ጣሪያው ያፈስበታል። ልጄ ፕላመን እንደሆነ ከስፔን መጥቶ ሞተር አይነዳ።"

"በስንት ይሉኛል?"

"ኧረ ዝም በል፣ ሽያጭ አትበል! አርባው ሳይወጣ ከቤቱ ዕቃ ይሸጣል እንዴ? ለጊዜው አንተ ዘንድ ይቀመጥ። ከአርባው በኋላ ሄደን ውል እንዋዋላለን።"

በእኛ ከተማ ነገሩ እንዲሁ ነው፤ አርባ ቀን እስኪሞላ የቤቱ ጌታ ሟቹ ነው። አባቴ ሊሰጥ ያሰበውን ገንዘብ በፖስታ አሽጎ "ለመታሰቢያው ማዕድ ይሁንዎት" አላቸውና በእጃቸው አስያዛቸው። ሽያጭም አልተባለ፣ ደረሰኝም አልተጻፈ።

"አባዬ፣ መጀመሪያ ሊብሬው በስምህ ይዙር፣ ከዚያ ብሎን ትፈታለህ" አልኩት ቤት ስንገባ።

"ጥቁር የለበሰችን ሴት ወረቀት አምጪ ልበላት? እፍረት የሚባል ነገር ትምህርት ቤት አላስተማሩሽም?"

"አስተምረውኛል። ሊብሬም አስተምረውኛል።"

"ሂጂ፣ ልጅሽ ታለቅሳለች።"

ሞተሩን ወደ ቤታችን ጋራዥ አስገብቶ ክረምቱን በሙሉ እዚያው ከረመ። ፒስተኖቹ ነክሰው ይዘው ነበር፤ በናፍጣና በሞተር ዘይት ዘፍዝፎ በእንጨት መዶሻ እየነካካ በአሥራ አንደኛው ቀን አላቀቃቸው። ካርቡራተሩን በጥርስ ብሩሽ አጠበ። የጋኑን ዝገት በጠጠርና በኮምጣጤ ናጠው። ሾርባውን ቆሞ መብላት ጀመረ፣ "ጨው አነሰው" ማለትም ጀመረ። እኔ በበኩሌ ተስፋ አደረግሁ፤ ጨው አነሰው የሚል ሰው ሊኖር ነው ብዬ።

አርባው ወጣ። ፕላመን አልመጣም። የሟች ንብረት ያለ ወራሹ ፊርማ አይዞርምና እትዬ ፀንካ "ለገና ይመጣል" አሉ። ለገና ሥራ በዛበት። "ለፋሲካ ይመጣል" አሉ። እኔ ስነዘንዘው አባቴ "ቃል የእምነት ዕዳ ነው" ይለኛል፤ ያን እያለም ፍሬኑን ቀየረ፣ ሁለት አዲስ ጎማ አስገባ፣ ሽፋኑን ፍቆ እንደገና ቀይ ቀባው።

በሁለተኛው ዓመት ሚያዝያ ላይ ሞተሩ ተነሣ። መጀመሪያ አስነጠሰ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ቀጥሎ ድምፁ ተስተካክሎ የጋራዡን መስታወት አንቀጠቀጠው። አባቴ እጁን ጋኑ ላይ አድርጎ ሳቀ። "በሐምሌ ባሕሩ ጋ ነኝ" አለኝ። እኔም በደስታ ፎቶ አነሣሁትና ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። "የአባቴ የእጅ ሥራ" ብዬ ጻፍኩበት። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም።

በዘጠነኛው ቀን ፕላመን ተጎታች ያሰረ መኪና ይዞ በራችን ላይ ቆመ። ለገናም ለፋሲካም ያልመጣው ሰው! እናቱ ከኋላው ቆመዋል።

"ጋሽ ሜቶዲ፣ የአባቴን ሞተር ስለጠበቅህልን እናመሰግናለን" አለ።

"ገዝቼው ነው እኮ ልጄ።"

"ውሉ የታለ?"

ሮጬ ወጥቼ የጎማውን፣ የፍሬኑን፣ የቀለሙን ደረሰኝ ሁሉ አመጣሁለት። አላያቸውም። የአባቱ ስም ያለበትን ሊብሬና የወራሽነት ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። "ከፈለግሽ ፖሊስ ጥሪ" አለኝ።

አባቴ ወደ እትዬ ፀንካ ዞረ። "እርስዎ ይንገሩት እንጂ።"

ሴትዮዋ የሚኖሩት ልጃቸው በየወሩ በሚልክላቸው ነው። መሬት መሬት እያዩ "አስቀምጥልኝ ነው ያልኩት" አሉ።

"ሰማህ? አደራ በላ ከመባልህ በፊት ቁልፉን አምጣ" አለ ፕላመን።

"አንተ ነህ አደራ በላ! አንተ!" ብዬ ጮህኩ። አባቴ ክንዴን ያዘኝ። ገብቶ ሁለቱንም ቁልፎች አመጣና ሰጠው። ከዚያ፣ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፣ ሞተሩን ተጎታቹ ላይ እንዲያስሩ ረዳቸው። ገመዱን በየት በኩል ቢያሳልፉት ቀለሙ እንደማይላጥ አሳያቸው። "ፍሪሲዮኑ አዲስ ነው፣ መጀመሪያ ላይ አታስጩኸው" አለው።

"እሺ እሺ" አለ ፕላመን፣ ስልኩን እያየ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሞተሩ ለሽያጭ ወጥቶ ኢንተርኔት ላይ አየሁት። "ሟቹ አባቴ በገዛ እጁ ያደሰው" ይላል። ለአባቴ ላሳየው ወይስ አላሳየው ስል ሁለት ቀን አሰብኩ፤ ኋላ ከሰው ከሚሰማ ብዬ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ እያንዳንዱን ፎቶ አየ።

"ሰንሰለቱን ዘይት አልነካካውም" አለ።

ሐምሌ መጣና ሄደ። በአውቶቡስ ባሕሩ ጋ ልወስደው ትኬት ልቆርጥ ስል "ምን አለኝ እዚያ?" አለኝ። ሰፈሩ ግን አልተወውም፤ የሣር ማጨጃ፣ የልብስ ማጠቢያ፣ የውሃ ፓምፕ ያመጡለታል። አባቴ አሁን ወረቀት ይጠይቃል። ዕቃው የማን እንደሆነ፣ ለምን እንደመጣ ጽፎ ያልፈረመ ሰው ከደጅ ይመለሳል። "ሜቶዲ ቢሮ ከፈተ" ብለው ይስቁበታል፤ የሚመጣውም ሰው እየቀነሰ ነው።

ትናንት የልጄ የቦያና ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ፔዳሏ ወለቀና ይዤለት ወረድኩ።

"የማን ነው?" አለኝ።

"አባዬ! የልጅ ልጅህ ናት እኮ!"

"ጻፊው።"

የሚቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አይቀልድም። እርሳስና የካርቶን ቁራጭ አቀበለኝ። ብስክሌቱ የቦያና እንደሆነና ለጥገና ብቻ እንደሰጠሁት ጻፍኩ፣ ቀኑን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ሁለት ጊዜ አነበበው፣ በደረት ኪሱ ከተተው፣ ከዚያ በኋላ ነው መፍቻውን ያነሣው።