የሚያሳብቅ ወለል

«አንቺ ወለል ከመጥረግ ሌላ ስለ ወለል ምን ታውቂያለሽ?»

ይህን ያለችኝ አሠሪዬ ማዳም ናት፤ አረብ አገር፣ አማን ከተማ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች። አውቃለሁ። አገሬ መርሳ ያላችሁ ታውቁኛላችሁ፤ ያልነገርኳችሁን ግን አሁን ልንገራችሁ።

ከቤት የወጣሁ ቀን መድፉ ከወልድያ በኩል ይሰማ ነበር። ቪዛዬ ከመጣ ሳምንት ሆኖታል፤ በውርጌሳ በኩል ወደ ደሴ የሚሄደው የመጨረሻው ሚኒባስ አስፋልቱ ላይ ቆሞ ክላክስ ያደርጋል። እማዬ አልሄድም አለች። ከአልጋው ሥር በቆፈርነው ጉድጓድ የዓመት ማሽላችንን ቀብረናል። «እህሌን ጥዬ ደሴ ሄጄ ልለምን?» አለች። ታጣቂ ከመጣ ወለሉን በሰደፍ እየመታ እህል ይፈልጋል የሚል ወሬ ነበር። ባዶ ድምፅ የሰጠውን ይቆፍራል፤ አንድ ቦታ ብቻ አዲስ የተለቀለቀ ካየማ መምታትም አያስፈልገውም።

«የጉድጓዱን አፍ ብቻ እንዳትለቀልቂ» አለችኝ፣ እበቱን አጠገቤ እያስቀመጠች። «ወለሉን በሙሉ። አዲሱ ከአሮጌው ጎን ሲሆን ያሳብቃል።»

ሻንጣዬን ተሸክማ ወጣች። ክላክሱ ይጮሃል። አፉን ብቻ ለቀለቅሁና ሮጥኩ።

«ሁሉንም?» አለችኝ መኪናው በር ላይ።

«ሁሉንም።»

እጄን እንኳ አልታጠብኩም። ስስማት ጉንጯ ላይ እበት ቀረ፤ ሳቀች። መኪናው ሄደ።

ከዚያ በኋላ ስልክ ጠፋ፤ ወልድያም መርሳም። የአማን ብርድ ደረቅ ነው፣ እንደኛ አገር ጭጋግ እንኳ የለውም። ኹብዝ የሚሉት ቂጣቸው ጉሮሮ ላይ ይቆማል። ጎረቤት ለጎረቤት ሰላም አይባባልም። ይሄን ሁሉ ለመድኩት። ዓርብ ዓርብ ማዳም ስልኬን ስትሰጠኝ ደውዬ፣ ያቺ የቴሌ ሴትዮ «ማግኘት አይችሉም» ስትለኝ ግን አልለመድኩትም።

እንዲህ እያለሁ ከላይኛው ቤት ውሃ ወረደና በበሩ በኩል ያለው የማዳም ሳሎን ወለል አበጠ። ወለሉ ከአማቷ የተረፈ እውነተኛ እንጨት ነው። «ሙዓለም» የሚሉት ሽማግሌ አናጢ ሁለት ናሙና ይዞ መጣ፤ አንዱ እንጨት፣ አንዱ ላሚኔት። ላሚኔት ማለት የእንጨት ፎቶ የተለጠፈበት ነገር ነው። ሁለቱንም መሬት ላይ አድርጎ በመዶሻው እጀታ መታ። እንጨቱ ድም አለ። ላሚኔቱ ቋ።

«ከሥሩ ስፖንጅ ነው የሚነጠፍለት፤ የረገጠውን ሁሉ ይናገራል» አለ።



«ላሚኔቱ ይሁን» አለች ማዳም፣ «የተበላሸው ቦታ ላይ ብቻ።»

«አዲሱ ከአሮጌው ጋር አይገጥምም፣ ማዳም። ያስታውቃል» አለ ሙዓለሙ።

«ምንጣፍ አለብሰዋለሁ።»

«ማዳም፣ በሙሉ ይሠራ» አልኩ ሳልጠየቅ። «እንጨት ይሁን፣ በሙሉ።» እንባዬ መጣ። ያን ጊዜ ነው ከላይ የጻፍኩትን ያለችኝ። ሙዓለሙ ሳቀ። «ዕድሜዬን ሁሉ ወለል ስሠራ ለወለል ያለቀሰ ሰው አላየሁም» አለ። ላሚኔቱን ገጥሞ ሄደ።

በሚቀጥለው ዓርብ ስልኬን ስከፍት ድምፅ ተልኮልኛል። ጎረቤታችን እትዬ ሰዓዳ ናቸው፣ ከደሴ።

«ልጄ፣ እናትሽ አለች፣ አልሐምዱሊላህ። አብረን አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠልለናል። ታጣቂዎቹ እህሉን አወጡት። አይቆፈርም ብላ ላዩ ላይ ብትተኛ ጎትተው አነሷት፤ እጇ ተሰብሯል። ልጄማ ወለሉን አሳምራ ለቅልቃው ነበር፣ ክረምቱ አላደርቅ ብሎ ነው ያሳበቀብን እያለች ለሰው ሁሉ ትናገራለች። ስልኩን ልስጥሽ ብላት፣ ልጄን አታስለቅሽብኝ ብላ እምቢ አለች። እዚህም ተኩሱ እየቀረበ ነው።»

ሦስት ጊዜ ሰማሁት። መልሼ ብደውል አይነሳም።

ማዳም ምሳ ላይ ነበረች። «እናቴ እጇ ተሰብሯል። አገሬ ስደጂኝ» አልኳት።

«ሐኪም ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ሄደሽ ምኗን ትጠግኛለሽ? ኮንትራትሽ ሁለት ዓመት ነው። ያላ፣ ሳህኑን አንሺ።»

ሳህኑን አነሳሁ። አጠብኩ። ማዳም እንደ ወትሮዋ ከምሳ በኋላ ጋደም አለች። ፓስፖርቴ እሷ መኝታ ቤት፣ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ተውኩት። ልብሴን በፌስታል አድርጌ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ በአሮጌው እንጨት ላይ ተራመድኩ። ኮሽታ የለም። በሩ ጋ ስደርስ ላሚኔቱ ላይ የተነጠፈውን ምንጣፍ ረገጥኩ።

ቋ አለ።

«ማነው?» አለች ማዳም ከውስጥ።

«እኔ ነኝ» አልኳትና በሩን ከፍቼ ወጣሁ።