የትኛው ጉር?

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሠፈር ባለው የቤተሰባችን ቤት፣ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ አንድ የዛገ ቁልፍ በምስማር ተንጠልጥሏል። ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ቤቱን የሚለካ ሰው ይዞ መጥቶ፣ ሰውየው ሜትሩን ሲዘረጋ ቁልፉን ገጭቶ ጣለው። አንስቼ ቦታው መለስኩት። ወንድሜ ይሸጥ ይላል። እህቴ ፎቅ ሠርተንበት እናከራየው ትላለች። እኔ ሁለቱንም ስሰማ ከወንበሬ ተነስቼ ግቢውን እዞራለሁ። መቀመጥ የሚከለክለኝን ይህን አመል የወረስኩት ከእናቴ ነው።

ልጅ እያለሁ እናቴ ምስማር አታስመታም ነበር። መጋላ ሠፈር ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ግድግዳችን ባዶውን ነበር። የጃንሆይ ፎቶግራፍ እንኳ የሚቀመጠው ሳጥን ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ነው። «በሰው ግድግዳ ምን አግብቶኝ!» ትላለች። ጥሩ ጥሩው ብርጭቆ በጋዜጣ እንደተጠቀለለ ዓመት አልፎ ዓመት ይመጣል። እንግዳ ሲመጣ ተፈትቶ፣ እንግዳ ሲሄድ ተመልሶ ይጠቀለላል። ሁልጊዜ ነገ የምንሄድ እንመስል ነበር።

አባቴ ምድር ባቡር ውስጥ ብረት በያጅ ነበር። ማታ ሲገባ የጋለ ብረትና የዘይት ሽታ ይዞ ይገባል። ከሸዋ መጥቶ ድሬዳዋ ልጆች ቢወልድም፣ «አገራችን ለምንገባው» ማለቱን አልተወም። ቤት መሥራት ለእሱ እዚያው መቅረት ነው። ቢበዛ የሚፈልገው፣ አከራያችን ፈቅደውልን በጎን በኩል አንዲት ክፍል እንድንቀጥል ነበር። እናቴ ደግሞ ሳቢያንን ትፈልጋለች። ያኔ ሳቢያን ቁጥቋጦና ነፋስ ብቻ ነበር፤ ግን የባቡሩ ሰዎች አንድ ሁለት እያሉ መሬት መያዝ ጀምረዋል። ሙቀቱ ሁላችንንም ወደ ግቢ አስወጥቶ፣ ሰሌናችን ላይ ጋደም ስንል ክርክሩ ይጀመራል። አንድ ቀን እናቴ ሰኞ ማክሰኞ የምንጫወትበትን ቾክ ከእጄ ወሰደችና፣ በሠራነው መስመር ላይ መኝታ ቤቷን፣ ጓዳዋን፣ በሯን ሣለች። ሠፈሩ በሙሉ ቆሞ አየላት። እኔ የት እንደምዘል ግራ ገባኝ።

አከራያችን ሀቦ ሀሊማ ይባላሉ። ሀቦ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። ዛሬ ብዕሬ አንቱ ቢላቸውም፣ በድሬ ደንብ እኛም «አንቺ» ነበር የምንላቸው። እሳቸውም አባቴን ገና በመጀመሪያው ቀን «አንተ ሰውዬ፣ ቁም ሳጥንህን ከፀሐይ አንሳ» ብለውት፣ ለብዙ ጊዜ አልተዋጠለትም ነበር። ኋላ ግን አንቱ የሚለው ሰው ሲመጣ የሚከፋው እሱ ሆነ። ሀቦ ባጂያ ሲጠብሱ የመጀመሪያው ለእኛ ነው። ፀጉሬን የምትሠራኝ ልጃቸው ፋጡማ ነች። የፋጡማ ክፍልና የእኛ ክፍል በአንድ ግድግዳ ይዋሰናሉ፤ በግድግዳው እየተንኳኳን እንጠራራለን።

አንድ ቀን ከሰዓት ሀቦ ከወንድማቸው ጋር ግቢ ቆመው በዝግታ ሲያወሩ፣ እናቴ ልብስ እያሰጣች ነበር። ሀቦ በእጃቸው የእኛን በር አሳዩትና «ጉር» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግመው፣ «ጉር»። እናቴ በሶማሊኛዋ ትኮራለች፤ ቀፊራ ገበያ ከወተት ሻጮች የለቀመችው ነው። ጉር ማለት እቃን ጭኖ፣ ሠፈር ለቆ መሄድ እንደሆነ ታውቃለች። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ።

አልጠየቀቻቸውም። ያን ቀን ማታ አባቴን፣ «ሳንባረር እንውጣ» ብቻ አለችው። ከዚያ በኋላ እረፍት የሚባል ነገር ከቤታችን ወጣ። አባቴ ከሥራ መልስ ከጓደኞቹ ጋር ሳቢያን ሄዶ እንጨት ያቆማል፣ ጭቃ ይመርጋል፤ እናቴ ውሃ ታቀብላለች። ሀቦ ሻይ ሲጠሯት ራሴን አሞኛል ትላለች። ሀቦ ግራ ገብቷቸው እኔን ይጠይቁኛል፤ እናቴ አፌን እንዳልከፍት አስጠንቅቃኛለች። ፋጡማ ግድግዳውን ስታንኳኳ መመለስ ፈራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የከፋኝ ጊዜ ጥቂት ነው።

የምንወጣ ዕለት ጋሪው ተጭኖ ሊያልቅ ሲል ሀቦ ከቀፊራ ዘንቢላቸውን ይዘው ደረሱ። ጋሪውን አዩ፣ እናቴን አዩ።

«አቦ ምንድነው ይሄ? የት ነው?»

«አንቺ ያልሽውን ነው ያደረግነው። ለወንድምሽ በራችንን እያሳየሽ ጉር አላልሽም?»

ሀቦ ዘንቢሉን ለቀቁት፤ ሎሚው ግቢው ላይ ተበተነ። «ጉር ብያለሁ! የፋጡማን ጉር! ሰርጓን! እሷ ስታገባ ክፍሏ ይለቀቃል፣ ግድግዳውን አፍርሼ ለእናንተ ልሰጥ። ሽማግሌዎቹ ሳይጨርሱ ይወራል እንዴ? ወላሂ፣ አንቺ ሴትዮ፣ አፍ የለሽም? አትጠይቂኝም?»

ለካ ጉር መጋባትም ኖሯል። ሶማሊው ሠፈር መልቀቁንም ጋብቻውንም በአንድ ቃል ይጠራል፤ እናቴ ግን ግማሹን ብቻ ነው ከገበያ ያመጣችው።

አባቴ ጋሪው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ሲለምን የኖረው ሦስተኛ ክፍል ይኸው መጣለት። «እናራግፈው እንዴ?» አላት ቀስ ብሎ። እናቴ በሯን አየች፣ ሀቦን አየች፣ ሎሚውን አየች። «የሳቢያኑ ቆርቆሮ በምስማር ተመቷል» አለች። ከዚያ ተንበርክካ ሎሚ መልቀም ጀመረች፤ እያለቀሰች ነበር። የክፍሎቹን ቁልፍ ስትሰጣቸው ሀቦ መዳፏን ዘጉባት። «ያዢው። ለሰርጉ በር ማን ይከፍትልኛል?»

ሳቢያን እንደገባን አባቴ መዶሻውን ለእናቴ ሰጣት። የመጀመሪያውን ምስማር ራሷ መታች። ሁላችንም ጃንሆይን ትሰቅላለች ብለን ስንጠብቅ ቁልፉን ሰቀለችው። ለሰርጉ አውርዳ ወሰደችው፤ ሀቦ መልሰው አስያዟት። ሌሊቱን ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ፣ ፋጡማ መስላኝ ስንት ጊዜ ነቅቻለሁ። እናቴም መለየቱን አልቻለችም። የደቻቱን ወንዝ አሸዋ እያቋረጠች መጋላ ትመላለሳለች፤ ስትወጣ «ቤት ደርሼ መጣሁ» ትለናለች። እስክትሞት ድረስ ቤት የምትለው ያንን ነበር፤ ይሄኛው «አዲሱ» ነው።

ዛሬ ሳቢያን ባጃጅ ደጃፍ ድረስ ያደርሳል፣ ግቢ የሚተኛም የለም። ሀቦ አልፈዋል፤ የመጋላው ቤት ፈርሶ ሱቅ ሆኗል። ትናንት ለፋጡማ ደውዬ ቤቱ ሊሸጥ እንደሆነ ነገርኳት።

«ጉር ነው በይኛ» አለች።

«የትኛው ጉር?» አልኳት፤ በቤታችን ነገር ግልጽ ካልሆነ እንዲህ ነው የምንባባለው።

«በዚህ ዕድሜሽ ሰርጉ ቢሆን ይሻልሽ ነበር!» ብላ ከልቧ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ሳቋን ስትጨርስ ጠየቀችኝ፦ «ቁልፉ አለ?»

«አለ።»

«ምስማሩን እንዳትነቅዪው» አለችኝ።

ወንድሜ ነገ ገዢ ይዞ ይመጣል። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ግቢውን እዞራለሁ።