እትዬ ዘነበች በከንቱ ያለቀሱበት ሩጫ

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ የበኩር ልጃችን ዳዊት ብሔራዊ ውትድርና ዘምቶ ሰሜን በነበረበት ዓመት ነው። እስከ ዛሬ የማልረሳው ግማሹ ስለሚያስቀኝ፣ ግማሹ ደግሞ ስለሚያሳፍረኝ ነው።

ያኔ ዕድሜዬ ሃምሳን አልፏል። ፒያሳ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ መኪናው ላይ አጎንብሼ እየዋልኩ ወገቤ አልቃና ሲለኝ ጊዜ፣ ማለዳ ማለዳ መሮጥ ጀመርኩ። ቀስ በቀስ ልቤ አበጠና የቀበሌዎቹ የበላይ የነበረው ከፍተኛችን ባዘጋጀው ግማሽ ማራቶን ላይ ተመዘገብኩ። መንገዱ ከፒያሳ ተነስቶ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ይወርዳል፤ በለገሃር ዞሮ አራት ኪሎን ይወጣል፤ ሽሮ ሜዳ ደርሶ ይመለስና በራስ መኮንን ድልድይ አድርጎ ፒያሳ ያበቃል። ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ነው አሉን። ማን እንደለካው እንጃ። የለካው ሰው በመኪና እንደሄደ ግን እርግጠኛ ነኝ።

በመጀመሪያው ዓመት ስድስት ኪሎ አደባባይ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። ያቺን ተሳፋሪ ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥባትን ውይይት ታክሲ ተሳፍሬ ፒያሳ ስወርድ፣ አንደኛ የወጣው ልጅ ገና አልደረሰም ነበር። ጉድ ፈላ! የአራዳ ልጅ አፍ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ዓመቱን ሙሉ "ጋሽ ውይይት" ሲሉኝ ከረሙ። ሱሪ ሊያሳጥር የሚመጣው ሁሉ "ጋሽ ውይይት፣ ቦታ አለ ወይስ ሞላ?" ይለኛል። በሁለተኛው ዓመት እየዳህኩም ቢሆን ልጨርስ ማልኩ።

ባለቤቴ አስካለ ግን ሩጫ የሚባል ነገር እንዳታነሳብኝ ብላኛለች። "ልጄ እዚያ፣ አንተ እዚህ መንገድ ላይ ክልትው ብትል እኔ ለማንኛችሁ ልሁን?" አለች። እውነቷን ነው። ዳዊት ከሄደ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር ደሟ ይደርቃል፤ ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ከሰማች ማን እንደሞተ እስክታውቅ ድረስ አትቀመጥም። ስለዚህ የሩጫው ዕለት፣ እሑድ፣ "ስብሰባ አለብኝ" ብያት ወጣሁ። በዚያን ጊዜ ስብሰባ ካሉ ማንም ማንንም አይጠይቅም።

በዚህ ዕድሜ ቁምጣ አሳፈረኝና ጥቁር ቱታ ለበስኩ። ሌላው ሯጭ ቁጥር የተጻፈባትን ጨርቅ በመርፌ ቁልፍ ደረቱ ላይ አያይዟል። እኔ ሙያዬን ላሳይ ብዬ ጀርባዬ ላይ ዙሪያዋን አሳምሬ ሰፋኋት። ከፊት ለሚያየኝ እንግዲህ ጥቁር የለበሰ ትልቅ ሰው ብቻ ነኝ።

ሽሮ ሜዳ ደርሼ ተመለስኩ። ድልድዩን ተሻግሬ የመጨረሻውን ዳገት ስጀምር ሁሉም ጥሎኝ ሄዶ ብቻዬን ነበርኩ። አፌ ተከፍቷል፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ እንባዬ ይወርዳል። እግሬን ግን አላቆምኩም፤ ካቆምኩት ሁለተኛ እንደማይነሳልኝ አውቀዋለሁ።

በዚህ መሐል የግድግዳ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ከእድራችን ሴቶች ጋር ከቅዳሴ ሲመለሱ አዩኝ። በኛ አገር ትልቅ ሰው አስፋልት ላይ ከሮጠ ክፉ ወሬ ሰምቷል ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም።

"አቶ ታደሰ! ምነው? ምን ሰሙ?" አሉኝ።

ልመልስ ብል ትንፋሽ ከየት ይምጣ! እጄን ብቻ ወደ ላይ አወናጨፍኩ፤ ወደ ዳገቱ ጫፍ፣ ልጨርስ ነው ለማለት። እሳቸው እጄን አዩ፣ ፊቴን አዩ፣ ልብሴን አዩ። ነጠላቸውን አዘቀዘቁና "ወይኔ ዳዊትዬ! ወይኔ ልጄን!" ብለው አገሩን በጩኸት ቀወጡት።

ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሏቸው። የማላውቃቸው ሁለት ሰዎች ደግሞ ሮጠው መጥተው በብብቴ ያዙኝ። "አይዞህ ወንድሜ፣ ቻለው" ይሉኛል። እምቢ እንዳልል ድምፅ የለኝም። ይቅር ይበለኝና፣ ዳገቱን እንደዚያ ተደግፎ መውጣቱም ተመችቶኝ ነበር።

ወዲያው ግን ደነገጥኩ። ቤታችን ዳገቱ ጫፍ አጠገብ፣ ወደ ግራ የምትታጠፈው ቅያስ ውስጥ ነው። ይህ ጩኸት አስካለ ጆሮ ከገባ ልቧ ቀጥ ይላል። ቀና ስል የመጨረሻው ገመድ ይታየኛል፤ ሁለት መቶ ሜትር ቢሆን ነው። የፒያሳ ጓደኞቼ "ጋሽ ውይይት፣ በርታ!" እያሉ ይጮኻሉ። ዞር ብዬም አላየኋቸው። ሰዎቹን አስለቅቄ ወደ ግራ ታጠፍኩ።

እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። ሃያ ኪሎ ሜትር ሙሉ ያጣሁት ጉልበት የት ተደብቆ እንደነበር እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

አስካለ እጇን ራሷ ላይ ጭና በሩ ላይ ቆማ ነበር። ይዣት "ደህና ነው! ዳዊት ደህና ነው! ማንም አልሞተም! ሩጫ ነው!" አልኳት። ያ ድምፅ ከየት እንደወጣልኝ አላውቅም።

እትዬ ዘነበች ደረታቸውን እየደቁ ሲገቡ ጀርባዬን አዙሬ ቁጥሬን አሳየኋቸው።

"እንዲያው ምን ዓይነት ሰው ነው የመርዶ ፊት ይዞ የሚሮጥ!" አሉና እዚያው ድንጋይ ላይ ዝርፍጥ ብለው ተቀመጡ።

አስካለ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "ስብሰባው ይሄ ነው?"

ላቤን በእጅጌዬ ጠረግኩ።

"ለመሆኑ ጨረስክ?"

"ትንሽ ቀርቶኛል።"

"ታዲያ እዚህ ምን ይገትርሃል? ይህን ሁሉ ሰው አስለቅሰህ ልትተወው ኖሯል?" ብላ እጄን ያዘችና ጎተተችኝ። ከዚያ ሳቋ አመለጣት። ልጃችን ከሄደ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር።

ለቀስተኛው ሁሉ ነጠላውን አስተካክሎ ተከተለን። ገመዱን እየጠቀለሉ ሳለ በእልልታ ደረስን። አንዱ አስተናባሪ "እነዚህ ሁሉ ተወዳዳሪ ናቸው?" ቢል፣ እትዬ ዘነበች "ከድልድዩ ጀምሮ ሮጠናል፣ እያለቀስን! ከኛ ወዲያ ተወዳዳሪ አለ?" አሉት።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳዊት በሰላም ገባ። የገባ ዕለት እትዬ ዘነበች አገላብጠው ከሳሙት በኋላ "ስማ ልጄ፣ እኔ ላንተ አልቅሼ ጨርሻለሁ። ከእንግዲህ ተራው ያንተ ነው፤ አንተ ነህ የምትቀብረኝ" አሉት። ሰዉ ሁሉ አሜን አለ።

አሁን መሮጡ ቀርቶ በከዘራ ነው የምሄደው። ያቺን እሑድ ሳስብ ሚስቴን በመዋሸቴ አፍራለሁ፤ የነዚያን ሴቶች እንባ በከንቱ በማፍሰሴም አፍራለሁ። ግን ደስታዬ ይበልጣል። እትዬ ዘነበች ሸምግለው፣ ጠግበው ኖረው ባረፉ ጊዜ አስከሬናቸውን ከተሸከሙት መካከል ዳዊት ከፊት ነበር። እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰላቸው።