የጋሼ መኪና የሻንሲ ቁጥር

መኪና ልገዛ ስሄድ መጀመሪያ የማየው ከሥሩ ነው። ልጆቼ ያፍሩብኛል። «አባባ፣ ሰውየው ቁልፍ ይዞ ቆሟል እኮ፣ ገብተህ ሞክራት እንጂ» ይሉኛል። ይበሉ። እኔ ኮቴን አውልቄ፣ ጆንያ አንጥፌ እተኛለሁ። ሞተር ይጠገናል፣ ቀለም ይቀባል፣ ወንበር ይለበዳል። ከሥር ያለው ዋናው ብረት፣ ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር ካልገጠመ ግን የገዛኸው የሰው ጣጣ ነው። ይህን ትምህርት ቤት አልተማርኩትም። የቄስ ትምህርቱንም ከግማሽ ነው የተውኩት፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ከመሪ ይልቅ ብዕር ይከብደኛል። የተማርኩት መርካቶ ነው፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ከጋሼ መኪና ሥር ተኝቼ።

ጋሼ የምላቸው አሠሪዬን ነው። እህል በረንዳ ጆንያ ስሸከም አይተው ረዳታቸው አደረጉኝ፤ ቆይተውም መሪ አስያዙኝ። መኪናቸው ትሬንታ ኳትሮ የሚሉት፣ ከጣሊያን የቀረ አፍንጫ ረጅም የጭነት መኪና ነበር። ዛሬ ሲወራ ተራ ብረት ይመስላል። ለእኛ ቤት ነበር። ጋቢናው ውስጥ በርበሬና ናፍታ አንድ ላይ ይሸታል፤ ከዚያ ወዲህ አፍንጫዬ እንዲያ ያለ ሽታ አላገኘም። ዳገት ሲይዝ እኔ ወርጄ፣ ሸንኮራ ገዝቼ፣ በዋጋ ተከራክሬ፣ ሮጬ እደርስበት ነበር። ጋሼ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው «ለእኔስ?» ይላሉ። ሸንኮራውን እየላጥን፣ ከኋላችን የተሰለፈው መኪና ሁሉ ጡሩምባ እየነፋብን እንወጣለን። ዝናብ ሲመጣ ሸራውን ሁለታችን ነበር የምንጎትተው። አሠሪና ሠራተኛ የሚባል ነገር ሸራው ላይ ሲዘንብ አይታወቅም።

አንድ ክረምት የጋሼ ዓይን ደከመ። ጉልበታቸውም እንቢ አለ። አንድ ቀን ቡና በረንዳ ጭነት አራግፈን ስንመለስ መኪናውን አስቁመው፣ «እኔ አገሬ መግባቴ ነው። እንሰቴን እያየሁ ልረፍ። ይሄን ነገር ላንተ ልሽጠው አስቤያለሁ፤ ሌላ ሰው ሲነዳው ማየት አልፈልግም» አሉኝ።

ከደስታዬ ብዛት መሪውን በመዳፌ መታሁት። የሰው መኪና ስነዳ ኖሬ የራሴ ሊኖረኝ ነው። ግን በዚያው ቅጽበት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከዚያ በፊት በነበረው በጋ ጅማ መንገድ ኬላ ላይ ያየሁት ነገር ነበር። ፖሊሱ የአንዱን ሾፌር መኪና ሥር ገብቶ ወጣና «ቁጥሩ አይገጥምም» አለ። መኪናው እዚያው ቀረ። ሾፌሩ ብርድ ልብሱን ታቅፎ መንገድ ዳር ተቀመጠ። ከማን ገዛህ ብንለው «ከአማቴ» አለን። ከገዛ አማቱ! አማትየውም የተሰረቀ መሆኑን ሳያውቅ ነበር የገዛው። ያን ቀን፣ የሚሸጥልኝ መልአክ ቢሆንም ቁጥሩን ሳላይ አልገዛም ብዬ ማልኩ።

ማታ ለሚስቴ ነገርኳት።

«ጋሼን ልትፈትሽ ነው?» አለች።

«ጋሼን አይደለም፣ ብረቱን ነው።»

«ብረቱ የማን ነው ታዲያ? እሳቸው ሰው ያደረጉህ አይደሉም? ለመሆኑ እኔን ስታገባ ቁጥሬ የት ጋ እንደተመታ አይተህ ነበር?»

«አባትሽ አላስጠጋኝም እንጂ አይ ነበር» አልኳት። ሳቀች፤ ግን ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው የተኛችው።

እውነቷን ነበር። በዚያን ጊዜ የሚተዋወቁ ሰዎች መኪና ሲሻሻጡ ሽማግሌ ይጠራል፣ ይመረቃል፣ ሊብሬው ይሰጣል፣ አለቀ። ከሥር ገብቶ ማየት ሌባ ነህ ብሎ እንደ መስደብ ነው። ቢበዛ ኮፋኖው ሥር በሁለት የሪቬት ምስማር የተመታችውን የቁጥር ቆርቆሮ ያያሉ። ቆርቆሮ ደግሞ ከአንዱ ተነቅላ ሌላው ላይ ትመታለች። ሻንሲው ላይ የተመታው ግን የብረቱ አካል ነው። የፋብሪካው ከሆነ ቁጥሮቹ እኩል ጠልቀው፣ እኩል ተሰልፈው ነው የሚገኙት። በእጅ የተመታ ከሆነ አንዱ ያዘነብላል፣ አንዱ ይጠልቃል፤ በጣትህ ስትዳስሰው ያስታውቃል።

ዓርብ ጠዋት ጋሼ መኪናውን አሳጥበው መጡ። ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል። እኔ ጆንያና ላምባ የነካ ጨርቅ ይዣለሁ።

«ምንድነው እሱ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ የሻንሲ ቁጥሩን ልይ ብዬ ነው።»

አፋቸውን በሰፊው ከፈቱ።

«እንካ! ጥርሴንም ቁጠራ! በቅሎ ሲገዛ ጥርስ አይደል የሚታየው?»

«ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ግን ሳላይ አልገዛም።»

«እኔ ነኝ እኮ የምሸጥልህ!»

«እርስዎ ስለሆኑም ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ አይቼ ዝም ብዬ እሄድ ነበር፤ ለእርስዎ ግን ነግሬ ነው የማየው።»

«ግባ!» አሉ ወደ መኪናው እየጠቆሙ። «ግባና ውጣ! ስትወጣ ግን ፊቴን አታየውም።»

ገባሁ። ከቀኝ የፊት ጎማ ጀርባ፣ ከባሌስትራው በላይ ያለውን ጭቃ ፋቅሁ፤ በላምባ ጠረግሁ። ቁጥሩ ወጣ። ከሲጋራ ፓኮ ያወጣሁትን ስስ ወረቀት አስደግፌ በእርሳስ ስፈትገው ነጭ ሆኖ ታተመ። የፈረንጅ ፊደል አላነብም፣ እንደ ሥዕል ነው የማየው። አሃዝ ግን ጆንያ ስቆጥር ለምጄዋለሁ። ወጥቼ ወረቀቷን ከሊብሬው ጋር አጠጋኋት። የሊብሬው መጨረሻ አርባ ሰባት ነው። የብረቱ ሰማንያ ሁለት።

ጋሼ ከጀርባዬ መጥተው ቆመው ኖሯል። ዓይናቸው ቢደክምም ይህንን አዩ። የመጡበት ቁጣ ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም።

«እኔ ይሄን መኪና ያን ሁሉ ዘመን ነድቼዋለሁ» አሉ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው ሳይታወቅ። «የሸጠልኝ ጣሊያን ሌባ ከነበረስ? የሰረቀ ሰው ልባል ነው? አገሬ በምን ፊቴ ነው የምገባው?»

«ጋሼ፣ ማንም አላየም። እኔና እርስዎ ብቻ ነን።»

«አንተ አይተሃል።»

አንድ አላፊ ደላላ ነገሩን ከሩቅ አሽትቶ ጠጋ አለና «ጋሼ፣ ለባላገር ነጋዴ ልሽጥልዎ፣ ከሥር የሚያይ የለም» አላቸው። ያን ጊዜ ነው ቁጣቸው የተመለሰው። «እኔ የማላውቀውን ነገር ለማላውቀው ሰው ልሰጥ? ሂድ ከፊቴ!» ብለው አባረሩት።

እኔ ተመልሼ ገባሁ። ግትር ነኝ፣ ሚስቴ ትመስክር። በሁለተኛው ሳይ፣ ቁጥሩ ያለበት ብረት ጠርዙ ላይ ስፌት አለው። የብየዳ ስፌት፣ ቀለም የተቀባበት። «ጋሼ! ይሄ ሻንሲ ተጠግኗል እንዴ?» ብዬ ከሥር ጮህኩ።

ጎንበስ አሉ። ከዚያ «ተሰብሮ ነበር» አሉ። «አንተ ሳትመጣ በፊት ነው። ምን አለሽ ተራ ለበያጁ ሰጥቼው አገሬ ለለቅሶ ሄድኩ፤ ስመለስ አልቆ፣ ተቀብቶ አገኘሁት። አላየሁትም።»

በያጁ ያን ጊዜም እዚያው ምን አለሽ ተራ ምድጃ ይሠራ ነበር። መኪናውን ይዘን ሄድን። ከሥር ገብቶ ስፌቱን በጣቱ ዳሰሰና «ይቺ የእኔ ናት» አለ፣ ልጁን ያገኘ ይመስል። «ከሞተ ትሬንታ ኳትሮ ቆርጬ የደረብኩት ነው። ምን ሆነ? ተላቀቀ እንዴ?»

«ቁጥር አለበት እኮ!» አልኩት።

«አዎ! ቁጥር ያለበትን መርጬ ነዋ! ፋብሪካው ቁጥር የመታበት ብረት ምርጥ ብረት ነው ብዬ። ፊቱንም ወደ ውጭ ያደረግኩት ለጋሼ ክብር ነው። ሌላው በያጅ ቢሆን ወደ ውስጥ ይደብቀው ነበር።»

ጋሼ «አንተ ሰውዬ፣ ልታሳስረኝ ነበር!» አሉት። በያጁ ግራ ገብቶት አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ያያል።

ዋናው ጥያቄ ሌላ ነበር። የጋሼ ቁጥር ከተደረበው ብረት ሥር አለ ወይስ ስባሪው ተቆርጦ ተጥሏል?

«አላስታውስም» አለ በያጁ። «አንዳንዱን ቆርጬ እጥላለሁ፣ አንዳንዱን ደርቤበት እተዋለሁ።» ከሌለ ጋሼ ለማንም የማያስረዱት መኪና ይዘው ቀሩ ማለት ነው። እንዲከፍተው ለመንነው። ግን ዓርብ ነው፤ የሰላት ሰዓት ደርሷል። እጁን ታጥቦ፣ «ስመለስ» ብሎ ወደ አንዋር መስጊድ ሄደ። መንገዱ በሰጋጅ ተሞልቷል፤ እኛም መንቀሳቀስ አንችልም። ጋቢና ገብተን ተቀመጥን፣ እሳቸው በአንድ በር፣ እኔ በሌላው። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲያጎነብስ፣ በአንድ ጊዜ ሲነሳ በመስታወቱ እናያለን። ጋሼ ክርስቲያን ናቸው፣ ግን ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ።

በያጁ ሲመለስ በእሳት አልቆርጥም አለ። «በእሳት ብነካው ሥር ያለውን አቀልጠዋለሁ።» በእጅ መብሻ የሰማንያ ሁለቱን ቁጥር ዙሪያውን እየበሳ፣ በመሮ እየፈለቀቀ የመዳፍ ያህል ቀዳዳ አወጣ። ሌላውን አልነካውም፤ ሻንሲው እንዳይደክም። ቁራጯ ወደቀች። ውስጡ ዝገት ነው። እኔ ጆንያዬ ላይ ተጋድሜ በላምባ አሸሁት፣ በጥፍሬም ፋቅሁት። ጋሼ ሊብሬውን ክንዳቸውን ዘርግተው ከዓይናቸው አርቀው ከላይ ቆመዋል።

መጀመሪያ ሊብሬው ላይ ያየሁትን፣ መሰላል የመሰለውን ፊደል አገኘሁ። ከዚያ አሃዞቹን አንድ በአንድ ጠራሁ። ጋሼ በእያንዳንዱ «እሺ» ይላሉ። ድምፃቸው እየቀጠነ ሄደ። ሊያልቅ ሲል «አራት» አልኩ።

«እሺ።»

«ሰባት።»

ወጥቼ ሳይ በያጁ ትከሻቸውን ይዟል፤ እሳቸው ሊብሬውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ያለቅሳሉ።

ሲረጋጉ ለነጭ ሸሚዛቸው ሳይሳሱ የእኔ ጆንያ ላይ ተኙ። ቀዳዳዋን በጣታቸው ግራሶ ቀቡ፣ እንዳይዝግ። ተኝተው እንዳሉ ነው ያናገሩኝ።

«ተቀይሜሃለሁ።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ባታየው ኖሮ ኬላ ላይ አንተን ይይዙህ ነበር። አንተ ደግሞ ጋሼ ናቸው የሸጡልኝ ትላለህ። እኔ እንሰቴ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስሜ ይጠራ ነበር።» ጣታቸውን በጨርቁ ጠረጉ። «ግን ተቀይሜሃለሁ።»

ቅያሜውን ተቀብዬዋለሁ። ዛሬም ቢሆን እንደገና አያለሁ፤ ይህን እሳቸውም ያውቁ ነበር። ብረቱን የደረበውን በያጁን ከሽማግሌዎቹ ጋር ምስክር አድርገን ተፈራረምን። እኔ ቀስ ብዬ ስሜን ጻፍኩ፣ እሳቸው አሻራ አኖሩ። ቁልፉን ሲሰጡኝ «ስትሸጠው ሳትጠየቅ አሳይ። ያመመኝ ተጠይቄ ማሳየቴ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ወደ አገራቸው አውቶቡስ በእግራቸው ሄዱ። ላድርስዎ ብላቸው እንቢ አሉ። እኔ መሪው ላይ ተቀምጬ፣ ቁልፉን ይዤ፣ በገበያተኛው መካከል ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ሲሄዱ አየኋቸው። መንገድ ዘጋህብን ብለው ኩሊዎቹ ይሰድቡኛል፣ አህያ ነጂውም ይጮህብኛል። ሞተሩን አላስነሳሁም። ሰው የራሱ መኪና በሌላ እጅ ሲነሳ መስማት የለበትም ብዬ፣ ጋቢያቸው ከዓይኔ እስኪጠፋ ጠበቅሁ።